ከዶሮዋ ኋላ ማን አለ?

ስሜ ጌታሁን ነው። በላስ ቬጋስ አውቶቡስ ከነዱ ሐበሾች መካከል ከእኔ የሚበልጥ አላየሁም፤ ካለም ወደ እኛ ሰፈር አልመጣም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ትንሽ ለጉራ ነው። የቀረው ግን እውነት ነው። ሰፈራችን ዊንቸስተር ካሉት አፓርታማዎች የፈለጋችሁትን በር አንኳኩና ጌታሁን እንዴት ያለ ሾፌር ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

መንዳት ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ረዳት ነበርኩ። ሌሎቹ ረዳቶች የሾፌሩን እጅ ያያሉ፤ እኔ እግሩን ነበር የማየው። ፍሪሲዮን መቼ እንደሚረግጥ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ እንዴት እንደሚሰጥ በዓይኔ ለቅሜ ቤቴ እገባና አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የአልጋውን ብረት እየረገጥኩ እለማመድ ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ባለመኪና ቁልፍ ሰጥቶኝ ሲያየኝ ተገረመና ከዚህ በፊት የት ነድቼ እንደማውቅ ጠየቀኝ። አልጋዬ ላይ አልኩት። ሳቀ፤ ቁልፉን ግን መልሶ አልወሰደብኝም። እንግሊዝኛም ቢሆን ከአስተማሪ አልተማርኩትም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ከመኪናው ሬዲዮ፣ ከተሳፋሪ ጭቅጭቅና ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፉ ነው የለቀምኩት። ያንን መጽሐፍ አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አበሉ ያኖራል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንዲት እርግብ ናት። ከሰፈራችን ሱቅ ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት ሻይ የምንጠጣበት ጠረጴዛ አለን። ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል ኖሮ እንደኔው ጡረታ የወጣው ዳኜ አንድ ቀን እየሳቀ መጣ። ቻይናታውን ውስጥ ሾፌር ከሌላቸው ከእነዚያ አዲሶቹ መኪኖች አንዱ እርግብ አይቶ መንገድ መሐል ቀጥ ማለቱን፣ ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ክላክሱን እንዳንባረቀው ነገረን። እርግቧ ግን ምንም ሳይመስላት ፍርፋሪዋን ለቅማ ጨረሰች አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ አዋቂው፣ ፍረደና። ለእንስሳ መሪ ይጠመዘዛል ወይስ አይጠመዘዝም?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ሥራዬ እሱ ነበርና። ነገር ግን ጠረጴዛው ዙሪያ የሥራ ባልደረባዬ የነበሩት ጋሽ ሰይድ ተቀምጠዋል። እሳቸው ባሉበት ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። ዳኜ ያን ጊዜ ያጣውን መልስ እዚህ ያንብበው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ልናገር። አገር ቤት የነዳ ሰው እጁ የተገራው በከብት መንገድ ነው። በግ፣ አህያ፣ ዶሮ፣ ውሻ ሁሉም አስፋልቱን ይጋራሃል። ጎበዝ ሾፌር የሚባለው ሳይቆም በመሐላቸው እንደ መርፌ ሹልክ የሚል ነው። መሪ ወዲህ፣ መሪ ወዲያ። የገጨ ሰው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ነው ጉዳዩ፤ በጓ የሰው ናትና የመንደሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ እጃችን ገና ጆሮ ሲያይ ይጠመዘዛል። ያ እጅ አሜሪካ ይመጣል። እዚህ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ፍጥነቱ ሌላ ነው፣ በግራና በቀኝ መኪና ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል። ጥንቸሏ የማንም አይደለችም፤ በጎንህ ያለው መኪና ግን ቤተሰብ ጭኗል። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ሲፈተኑ የሚወድቁት ባለማወቅ አልነበረም፤ እዚያ ስለጎበዙ ነው።

ባለቤቴ ዲቪ ደርሷት ስንመጣ መጀመሪያ የሆቴል እንግዳ መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። ቀጥሎ ታክሲ ነዳሁ። በመጨረሻ የሆቴል ሠራተኞችን ጠዋትና ማታ ከቤታቸው የሚያመላልስ፣ በመሐሉ ደግሞ ቱሪስት ወደ ተራራው የሚወስድ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ አንዱ ከቢሮው ወጥቶ አውቶቡስ የነካበትን ቀን አላስታውስም። ከሁሉም የምትሻለው ሮዛ ነበረች። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያደገች፣ እናቷ የሆቴል ክፍል ለማጽዳት በእኛው ዓይነት አውቶቡስ ስትመላለስ እያየች የኖረች ሴት ናት። ስለዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ያሠለጠኑኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከደሴ እስከ አሰብ የጭነት መኪና፣ ከኮምቦልቻ ወዲያና ወዲህ ደግሞ የሕዝብ አውቶቡስ ነድተዋል። እኔ ማንንም አልሰማም ነበር፤ እሳቸውን ግን ሰማሁ፤ ምክንያቱም ብዙ አይናገሩም። ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ከመቀመጫቸው ዞረው የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ፊት ያያሉ። ለምን እንደሚያዩ ስጠይቃቸው ዕቃ የጫነ ገመዱን ቼክ ያደርጋል፣ ሰው የጫነ ፊቱን ያያል አሉኝ። የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ መስቢሐውን ደግሞ ከወንበራቸው ጎን ጃኬት የሚሰቀልበት ሜንጦ ላይ ያንጠለጥሉታል። ፍሬን ስይዝ መስቢሐው ተወዛውዞ ግድግዳውን ቀጭ ካደረገ ምንም አይሉኝም፤ መስቢሐውን በእጃቸው አቁመው እንደገና ይለቁታል። ከስድብ ይልቅ ያ ያመኝ ነበር። ፍሬን መጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ መጫን፣ መኪናው ሊቆም ሲል ደግሞ ላላ ማድረግ፤ ያኔ የተሳፋሪው አንገት አይነቀነቅም። መስቢሐው ጸጥ እስኪል ድረስ ክረምትና በጋ ፈጀብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በላይ ይፈጅበት ነበር።

ስለ እንስሳ ያስተማሩኝ ሕግ አጭር ነው፦ ፊትህ የሚገባው ነገር ከጉልበትህ በታች ከሆነ መሪ አትስበር። ስፖኪዮህን እይ፣ ፍሬን ያዝ፣ መስመርህን አትልቀቅ። ከተረፈች ተረፈች። ወደ ተራራው መንገድ ላይ ለሚቆሙት የዱር አህዮች ሌላ ሕግ አለ፤ አህያ መስተዋት ሰብሮ ጭንህ ላይ ይወድቃልና ከሩቅ አይተህ ትቆማለህ። ለጥንቸልና ለድመት ግን መሪ አይሰበርም።

ሕጉን የተፈተንኩት ቱሪስት ይዤ ወደ ተራራው ስወጣ ነው። ጋሽ ሰይድ ጎኔ ቆመዋል። ከቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት ጆሮ ረጅም ጥንቸል ብቅ አለችና ልትመለስ ነው ስል ዞራ ፊቴ ገባች። በግራዬ መኪና አለ፣ በቀኜ ገደል። እጄ ሊጠመዘዝ ፈለገ፤ ከለከልኩት። ፍሬን ያዝኩ። ከታች ድው አለ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ጨካኝ መሆኔን ለአውቶቡሱ ሁሉ ተናገረች። እኔም ፊቴ ተለዋወጠ። ጋሽ ሰይድ ከተራራው ስንደርስ ዞሬ ተሳፋሪዎቹን እንዳይ አዘዙኝ። አየሁ። ፎቶ የሚነሣ፣ ውሃ የሚጠጣ፣ ልጁን የሚያቅፍ። አሮጊቷም ኮፍያዋን እያስተካከለች ነው።

«ሁሉም አሉ?» አሉኝ።

«አሉ።»

«አብሽር።»

ከዚያ ውሃ ይዘው ወረዱና ጥንቸሏ የነካችውን የፊት ፓራውልት ራሳቸው አጠቡት። እኔ ልጠብ ስል ከለከሉኝ። ፊታቸውን ወደ ጎማው አድርገው ሲያጥቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ያን ጊዜ ለጥንቸሏ ያዘኑ መስሎኝ ነበር። ሌላም ነገር እንደነበረበት የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ጊዜ ሄደ፤ እኔም ከሾፌርነት ወደ አሠልጣኝነት ወጣሁ። ሮዛ የመረጠችኝ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው የሚሉ ነበሩ። ሌላ ሰው የጠፋው ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። አሠልጣኝ ሆኜ የፈጠርኩት ነገር እስከ ዛሬ በድርጅቱ ይሠራበታል፦ የካርቶን ጥንቸል። ከግቢያችን ጀርባ ባለው ባዶ ፓርኪንግ ብርቱካናማ ኮኖች በሁለት ረድፍ እደረድራለሁ፤ እነሱ በጎንህ ያሉት መኪኖች ናቸው። ከኮንቴይነር ኋላ አንድ ሰው በገመድ የታሰረች የካርቶን ሣጥን ይዞ ይቆማል። ሠልጣኙ ሲመጣ ሣጥኗን ሳብ ያደርጋታል። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ኮን ይጨፈልቃል። ወርጄ የተጨፈለቀውን ኮን አነሣና ለሠልጣኙ እሰጠዋለሁ፤ ይህች እናት ናት፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልትወስድ ነበር እለዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ እጁ ይገራል። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የነዱትም፣ መሪ ነክተው የማያውቁትም በእኔ እጅ ተገርተዋል። ያልተገራ አልነበረም።

አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ ሠራተኞች ጭነው ሲመጡ ከሁለት ቤቶች መሐል ድመት ወጣች። መሪ ሰበሩ። አውቶቡሱ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ወጥቶ የግንብ አጥር ላይ ተደገፈ። ድመቷ ተረፈች። የሆቴል ክፍል የምታጸዳው ማርታ ግን ልትወርድ ተነሥታ ቆማ ስለነበር ወድቃ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። እሳቸው ናቸው አንሥተው እጇን በራሳቸው ሻሽ ያሰሩላት።

ሮዛ ቢሮዋ ጠራችኝ። የአውቶቡሱን ካሜራ አይታዋለች። ይህን ሰው የምታውቀው አንተ ነህ፣ እንደማንኛውም ሠልጣኝ ፈትነውና ይንዳ ካልከኝ ይነዳል፣ አይንዳ ካልከኝ አይነዳም አለችኝ። ሌላ ሰው እንዲፈትናቸው ለመንኳት። ማን ነው ከአንተ የሚበልጥ አለችኝ። ሁልጊዜ ራሴ የምለውን ነገር መልሳ ነገረችኝ።

ለጋሽ ሰይድ መንዳት ማለት ደሞዝ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው። ጠዋት ያ አውቶቡስ ባይጠብቃቸው የሚጠብቃቸው አልነበረም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ ኮኖቹን ደረደርኩ። አላዳላሁላቸውም፤ ለማንም እንደማደርገው አደረግኩ። ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፣ መስቢሐቸውን ሰቀሉ፣ ዞረው ባዶዎቹን ወንበሮች ሁሉ አዩ። ሣጥኗ ወጣች። እግራቸው ፍሬኑን እንዲያ አድርጎ ያዘ፤ መስቢሐው ንቅንቅ አላለም። እጃቸው ግን መሪውን ሰበረና ኮኖቹ ተጨፈለቁ። ደገምን። ያው ሆነ። ጠዋቱን ሙሉ ሞከርን። በመጨረሻ ሣጥኗ ከየት እንደምትወጣ በጣቴ አሳየኋቸው፣ አሁን ትወጣለች ብዬ ጮኼ ነገርኳቸው። ስትወጣ አሁንም እጃቸው ተጠመዘዘ።

ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። አውቶቡሱ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ጋሽ ሰይድ፣ ካርቶን እኮ ናት» አልኳቸው።

«ካርቶን መሆኗን እኔ አውቃለሁ። እጄ ነው የማያውቀው።»

ከዚያ ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ አንዲት ዶሮ ፊታቸው ገባች። ለዶሮ ብለው ሳይሆን በልማድ መሪ ሰበሩ። ዶሮዋን ልትይዝ የሮጠች ሴት ከአጥሩ ወጥታ ዶሮዋ በነበረችበት ቦታ ቆመች። አውቶቡሱ ነጠላዋን ነክቶ አለፈ። ሴትየዋም፣ ዶሮዋም፣ ተሳፋሪውም ተረፉ። ሰዎች ወርደው ትከሻቸውን ሳሙ።

«እጄ ያን ቀን ትክክል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመክረው ጠፋ» አሉኝ። «ድመቷን ሳይ ድመት አልታየኝም። ከኋላዋ ማን አለ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ እኛን መሪ አትስበሩ ብለው ለምን አስተማሩን?»

«የእኔን እጅ ስለማውቀው ነዋ።»

ጥንቸሏን የገጨሁ ቀን ፓራውልቱን እያጠቡ ከንፈራቸው ምን ይል እንደነበር ያኔ ገባኝ። እጃቸው የማይችለውን ተማሪያቸው ስለቻለ ነበር የሚያመሰግኑት።

«ሮዛን ምን ልበላት?» አልኳቸው።

«ያየኸውን።»

«ያየሁትን ካልኳት አይነዱም።»

«የማርታም ሁለተኛው ትከሻዋ አይሰበርም።»

ተነሥተው መስቢሐቸውን ከሜንጦው አወረዱ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። እኔ ስንቱን ሾፌር ያስተካከልኩ ሰው፣ ያስተማሩኝን ሰው እጅ ማስተካከል አቃተኝ። የሥራ ዘመኔ ውድቀት ይህ ነው፤ ሌላ ውድቀት ያለው ሰው ካለ ራሱ ይጻፈው።

ለሮዛ ያየሁትን ነገርኳት። ከዚያ ግን ከቢሮዋ አልወጣሁም። ገመዱን የሚስብልኝ ሰው እፈልጋለሁ አልኳት። ገመዱን የጋራዡ ሠራተኛ ይስባል አለችኝ። የጋራዡ ሠራተኛ ሣጥን ነው የሚስበው፣ እንስሳ እንዴት እንደሚወጣ አያውቅም ብዬ ከሬዲዮና ከጭቅጭቅ የለቀምኩትን እንግሊዝኛዬን በሙሉ አወጣሁት። የእናቷንም አውቶቡስ አነሣሁባት። በመጨረሻ እሺ አለች፤ አሁን ውጣልኝ ሥራ አለኝ ብላ ጨመረችበት።

ጋሽ ሰይድ ግን ገመዱን ይሳቡልኝ ብላቸው እሺ አላሉም። ስልክ ብደውል አያነሡም። ቤታቸው ብሄድ በሩን የሚከፍትልኝ የለም። ገመድ ሳቢ ማድረግ ንቀት መስሏቸው ይሆን እያልኩ ተጨነቅኩ። እኔ በሥራዬ ተጨንቄ አላውቅም ነበር። ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ጠዋት ኮን ስደረድር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ጌትሽ፣ ገመዱ የታል?»

እስኪሞቱ ድረስ ገመድ ሳቡ እንዳልል ዛሬም በሕይወት አሉ፤ እስኪደክማቸው ድረስ ሳቡ ልበል። ሣጥኗ በእሳቸው እጅ ነፍስ ዘራች። ብቅ ትልና ትመለሳለች፤ ሠልጣኙ አለፈች ብሎ ነዳጅ ሲሰጥ ዘላ ትገባለች። ትልልቅ ሰዎች ከአውቶቡሱ እየወረዱ ይህ ሽማግሌ ምን አደረግነው ይሉኝ ነበር። ይህ ብቻ አልበቃቸውም። ሳይነግሩኝ ሌላ ገመድ አመጡና ከትንሿ ሣጥን ኋላ አንድ ቁመት ያለው ትልቅ ሣጥን ማቆም ጀመሩ፤ የሥራ ሰደርያ አልብሰውታል። ሠልጣኙ ትንሿን በሥርዓት ያልፍና፣ መሪ አልሰበርኩም ብሎ ደስ ብሎት ፍሬኑን ሲለቅ ትልቁ ይመጣል።

«ይቺ ዶሮ ናት፣ ይቺ ባለቤቷ ናት» ይሏቸዋል።

እውነቱን ልናገር፤ የጋሽ ሰይድ ትልቅ ሣጥን የእኔን ሕግ አሳደገው። ከዚያ በኋላ እንዲህ እያልኩ አስተማርኩ፦ መሪ አትስበር፣ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላዋ ማን እንዳለ ሳታይ ፍሬን አትልቀቅ። ጥርጣሬህን ለእጅህ አትስጠው፤ ለእግርህ ስጠው። ይህች የመጨረሻዋ አባባል የእኔ ናት። ጋሽ ሰይድ የእሳቸው ናት ይላሉ። አይደለችም።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ሾፌር ቀርቶ ሺፍቱን እኔ ያዝኩ። ቻይናታውን ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት በር ነጭ ቡችላ ተወርውራ ፊቴ ገባች። እጄ ዝም አለ። እግሬ ያዘ። ቡችላዋ በጎማዎቹ መሐል ሾልካ ሄደች፤ ተሳፋሪው አለፈች ሲል እኔ ፍሬኑን አልለቀቅኩም። በዚያችው ቅጽበት አንዲት ወጣት ባዶ የውሻ ማሰሪያ ይዛ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ በአፍንጫዬ ፊት እየሮጠች አቋረጠች። በፊት መስተዋቱ በኩል ተያየን። አሁን ድረስ እኔን ስትረግም ይሁን ስታመሰግን አላውቅም፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። ግቢ ደርሼ ለጋሽ ሰይድ ስነግራቸው ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር። ጥቅልሉን አስቀመጡና ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሻይ ጋበዙኝ፤ እሳቸው ማንንም ሻይ አይጋብዙም።

እንግዲህ ዳኜ፣ ስለ እርግቧ ልመልስልህ። ያ መኪና መሪ ባለመስበሩ ጎበዝ ነው። ለእርግብ ጨርሶ መቆሙ ግን በዝቶበታል፤ እርግብ ክንፍ አላት። ለጋሽ ሰይድ ይህን ስነግራቸው ስኳራቸውን እያማሰሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ከእርግቧ ኋላስ አይቷል?»

ይህን የሚያውቅ በጠረጴዛችን ላይ የለም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ፣ ሻዩን ዳኜ ይከፍላል።

በሕይወቴ የቻልኩትን ልዘርዝርና እርሳሴን ላስቀምጥ።

ከአልጋ ብረት ተነሥቼ የአንድ ሙሉ ሆቴል ሠራተኛ የሚጭን አውቶቡስ ነድቻለሁ።

መስቢሐ ሳላወዛውዝ ፍሬን ይዣለሁ።

ጥንቸል ገጭቻለሁ፤ ሰው አልገጨሁም።

በዚህ ከተማ ጠዋት ሰው ጭኖ የሚሄድ ብዙ አውቶቡስ ውስጥ መሪ የማይሰብር እጅ አለ፤ ያን እጅ የገራሁት እኔ ነኝ፤ ገመዱን የሳቡት ግን ሌላ ሰው ናቸው።

ማርታ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ያልተሰበረውን ትከሻዋን ሰጥታ ትስመኛለች።

ያስተማሩኝን ሰው ከመሪው ላይ አስነሥቻለሁ። ከመንገዱ ግን አላስወጣኋቸውም።